ጆሮ ያልሰማው አዎ

«ማሽኑ ነው አሉ ያባረረሽ?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይኼን ያልጠየቀኝ ሐበሻ ኮሎምበስ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይጠይቁኛል፣ በርበሬ ልገዛ ሱቅ ስገባ ይጠይቁኛል። ባለፈው ደግሞ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር፣ ጋሃና የምትኖር የጥንት ጎረቤቴ ለዚሁ ብላ ኮል አደረገችኝ። «እትዬ ዘነበች፣ እውነት ነው እንዴ? ልጆቹን አሁን ኤአይ ነው የሚያስተምራቸው? አንቺን በቃሽ አሉሽ?» ኤዲያ! ማንም በቃሽ አላለኝም። በቃሽ ያለኝ ጉልበቴ ነው። የሕፃናት ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ድሮ ቀልድ ነበር። ኋላ ላይ ግን ጠረጴዛ ሳልይዝ መነሣት አቃተኝና ልጆቹ «ዋን፣ ቱ፣ ትሪ!» እያሉ ይጎትቱኝ ጀመር። ከነክብሬ ልውጣ ብዬ ወጣሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ግን ስለ ማሽኑ ከተነሣ አይቀር፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልናገር።

ዲቪ ደርሶኝ ከመምጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። እዚህ ግን የመጀመሪያ ተማሪዎቼ ካርቶኖች ሆኑ። ዌርሃውስ ገባሁ። ስካን አደርጋለሁ፣ ቴፕ እለጥፋለሁ፣ እገፋለሁ። ሱፐርቫይዘራችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ከሰው ፊት ይልቅ ስክሪን ነበር የሚያየው፤ «ዛሬ በሰዓት የምትሠሪው ሬትሽ ወርዷል» ሲለኝ እኔ አልቅሼ ይሁን ስቄ አያውቅም። ከዚያ ኤርፖርት ጽዳት ሠራሁ፤ ከዚያ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ገባሁ። ወተትና ፖም ሳድል አንዲት ገና የመጣች ሕፃን ሰልፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ምን ሆንሽ የኔ እናት?» ስላት ሽርጤን ይዛ አልለቅም አለች። ለካስ ጾም ነው፣ የሰጧት ምግብ ሥጋ ይኑረው አይኑረው አላወቀችም! የዚያን ጊዜዋ ርዕሰ መምህርት በር ላይ ቆማ ስታየን ነበርና ብዙም ሳይቆይ ቢሮ ጠርታ ባይሊንጓል ኤይድ አደረገችኝ፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች አጠገብ ተቀምጦ ክፍሉን የሚያለማምድ ረዳት ማለት ነው። የደሞዙን ነገር ባናነሣው ይሻላል፣ ዌርሃውስ ይሻል ነበር። እኔ ግን ልጅ ያለበት ክፍል ተመልሼ በመግባቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሚስስ ሎሬታ ናት። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ተወልዳ እዚያው ሽበት ያወጣች፣ ሣቋ ከክፍል አልፎ ኮሪደር የሚሞላ፣ ጥቁር አሜሪካዊት የንባብ መምህርት። ልጅ ሲያነብላት ዓይኗን ትጨፍናለች። የመጀመሪያ ቀን አንቀላፍታ መስሎኝ እኔ አፈርኩላትና ክንዷን ነካ አደረግኋት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ዜኒ፣ እያዳመጥኩ ነው» አለችኝ። ዓይን ሲያይ ጆሮ ይሰንፋል ባይ ናት። የልጁን ልብስና መልክ ያየ ሰው ልጁ አፉን ሳይከፍት ይፈርድበታል ትላለች።

ሌላም ዐመል ነበራት። ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ የገዛ ከንፈሯን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትይዛለች፣ ልጁን እንዳትቀድመው። እኛ ዘንድ መምህር ጠይቆ ልጅ ዝም ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ኩርኩም ነበርና ይኼ ትዕግሥቷ ያቃጥለኝ ነበር። እኔ እኮ ችኩል ነኝ፣ ልመልስለት ምላሴን ይበላኛል። «ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ባዶ አይደለም» ትለኛለች። «አንዳንዱ እያሰበ ነው። አንዳንዱ ደግሞ መልሶ ጨርሷል፣ አንቺ ነሽ ያልሰማሽው።» ይኼን የመጨረሻውን ለብዙ ዓመት እንደ ተረት ነበር የምሰማው።

ከሷ ጋር ስውል ሥራው ቀስ በቀስ እጄ ገባ። ሁሉን ነገር ለልጁ መተርጎም ልጁን ማስነፍ መሆኑን ተማርኩ። አንድ ቃል ሰጥቶ መጠበቅ ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው። ልጁ ሒሳብ ሲሠራ ከንፈሩ በአማርኛ ቢንቀሳቀስ «ኢንግሊሽ ፕሊስ» አይባልም፣ በልቡ የሚቆጥርበትን ቋንቋ መንካት የተኛ ሕፃን መቀስቀስ ነው። እንዲህ እያልን፣ አብረን እያረጀን፣ ስንት ልጅ ሸኘን።

ከዚያ የመጨረሻው ዓመት መጣ፣ ማሽኑም መጣ።

አዲሱ ርዕሰ መምህራችን ሚስተር ክሬግ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ መራመድ ሲባል መሮጥ የሚመስለው ልጅ ነው። ሰበሰበንና ታብሌትና ትልልቅ ማዳመጫ እያደለ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አስተማሪ ይኖረዋል» አለ። ኤአይ ነው። ልጁን በድምፅ ይጠይቀዋል፣ ከመልሱ አቅሙን ይገምታል፤ ከገባው ከፍ፣ ካልገባው ዝቅ ያደርግለታል። ብዙ ቋንቋ ይችላል፣ አማርኛም ጭምር። ልጆቹ ማዳመጫውን ሲያጠልቁ ጆሮ ብቻ ሆነው ስለታዩኝ እኔ «ጆሮ» ብዬ ስም አወጣሁለት።

አማርኛውን ልፈትን ብዬ አጠለቅሁት። «ጤና ይስጥልኝ ዘነበች! ዛሬ ምን መማር ትፈልጋለህ?» አይለኝም! «ትፈልጋለህ? ይሄ ባለጌ! አንተ እንድትለኝ ማን ፈቀደልህ?» ብዬ ስጮህ ሚስተር ክሬግ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ የሰደበኝ እሱ ይመስል።

ሐቁን ስናገር ግን ክፉ ነገር አልነበረም። ሰው ፊት ማንበብ የሚያፍር ልጅ አንዱን ገጽ ደጋግሞ ደጋግሞ ያነብለታል፣ ጆሮ አይሰለች፣ ፊቱን አያጨማድድ። የእኔን ፊት ልጆቹ ያውቁታል፣ ስሰለች ያስታውቅብኛል። ፈጣኑ ልጅ ይሮጣል፣ ዘገምተኛው ሳይሳቀቅ ይሄዳል። ሚስስ ሎሬታም «ረዳት ከመጣልን ምን ከፋን» አለች። እኔም ማጉረምረሜን ትቼ ነበር፣ ብሌን ባትኖር።

ብሌን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከሰናይት ጋር በዲቪ ከመጣች ገና ዓመት መሙላቷ ነበር፤ ሰናይት ሾርት ኖርዝ ሰፈር አንድ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ትሠራለች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፣ አገጯን ጃኬቷ ውስጥ ቀብራ ነው የምትውለው፣ ግን የማባዛት ሠንጠረዡን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛ የመጣች ልጅ ናት። መስከረም ላይ ጆሮ ከክፍሏ ልጆች ጋር አስቀመጣት። ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ አንድ ቀን ዞር ብዬ ባየው ስክሪኗ ላይ ፖም ተደርድሯል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ካውንቲንግ አፕልስ።»

«ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አዎ አለችኝ።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ፖም ትቆጥሪያለሽ?» ትከሻዋን ነቀነቀች። ጆሮ ከሦስተኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ፣ ከዚያም ወደ መዋዕለ ሕፃናት አውርዷት ነበር። ሪፖርቱ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዋ ስትጠየቅ መረዳቷን አታረጋግጥም። «ተናገሪ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ጮክ በዪ!» እላታለሁ። እሺ ትለኛለች፣ ግን በማግስቱ አንድ ፖም ተቀንሶ ይጠብቀናል።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ነርስ ጠራችኝና «የብሌንን እናት ጠይቂልኝ፣ ልጅቷ አስም አለባት ወይ?» አለችኝ። ሰናይትን ብደውልላት «ምን አስም? እንደ ፍየል ነው የምትዘለው!» አለችኝ። ስቀን ዘጋነው።

ከገና በፊት ስብሰባ ተጠራ። ሚስተር ክሬግ፣ የክፍሏ መምህርት፣ ሚስስ ሎሬታ፣ ሰናይትና እኔ። ልጅቷ እንድትመረመርና ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ወደ ልዩ ድጋፍ ክፍል እንድትሄድ ታስቧል አሉ። ያ ክፍል ለሚያስፈልገው ልጅ በረከት ነው፣ ስንቱ ሲድንበት አይቻለሁ። ለብሌን ግን የሌላ ሰው ጫማ ነው። ተረጎምኩላት። ሰናይት ሻርፗን አፏ ላይ ያዘችና «እትዬ ዘነበች፣ ልጄ አይገባትም ነው የሚሉኝ?» አለች።

ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን መታሁትና «ልጅቷ ሁሉንም ትመልሳለች! የማይሰማው ማሽናችሁ ነው!» አልኩ። ሚስተር ክሬግ አልተቆጣም። ብዕሩን አውጥቶ «እሺ ዜኒ፣ ምኑን ነው የማይሰማው? ንገሪኝ፣ ማሽኑን ለሠራው ካምፓኒ ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለኝ።

ራሴን ጠየቅሁ። ምኑን ነው የማይሰማው? አሥራ ሁለት ስትል አሥራ ሁለት ይላል፣ ቁጥሩን ሁሉ ልክ አድርጎ ይጽፋል። እኔ አጠገቧ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉንም ስለምሰማም ያልተሰማው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። «አማርኛ አይወድም» የሚል የሕፃን መልስ ሰጠሁ። ሰናይት የምርመራውን ፈቃድ ፈረመች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቦታ ተሸንፌያለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አንጀቴ ተቆርጦ አያውቅም፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ለዚያች እናት አፍ እንድሆን ነበርና።

ወሬ ልጅ ጆሮ ሳይገባ አይቀርም። ከገና በኋላ ብሌን ቁጥሮቹንም መመለስ ተወች። «ምነው?» ስላት በእንግሊዝኛ «አይም ኖት ስማርት፣ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ፣ እኔን እንደማጽናናት ብላ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለሚስስ ሎሬታ ነገርኳት። «እስካሁን የሰማነው ግማሹን ነው» አለችኝ። «አንቺ ልጅቷን ትሰሚያለሽ፣ ማሽኑን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ እንስማ።» ብሌንን አባብለን አስቀመጥናት። ሚስስ ሎሬታ የማዳመጫውን ገመድ ነቀለች፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም።

«ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው?» አለ ጆሮ።

«አሥራ አምስት።»

«እርግጠኛ ነህ? ወደሚቀጥለው እንለፍ?»

አዎ አለችው። ጆሮ ትንሽ ጠበቀና በዚያ ደግ ድምፁ «ችግር የለም! ትንሽ ቀለል ያለ እንሞክር» አለ።

«አዎ አለችህ እኮ!» ብዬ ታብሌቱ ላይ ጮህኩበት። «አንተ ደንቆሮ፣ አዎ አለችህ!»

ሚስስ ሎሬታ ዓይኗን ገለጠች። «ምን አለች?»

«የስ አለች።»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ!»

«ዜኒ፣ እኔ ምንም ቃል አልሰማሁም። ትንፋሽ ነው የሰማሁት፣ ሕቅ እንደማለት። ደግሞ በጠየቃት ቁጥር ነው። ይቺ ልጅ በእርግጥ አስም የለባትም?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ መሐል ላይ ቀጥ አልኩ። የእናቴ ያለህ! ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ነው እኮ አዎ የምትለው! እኔ ያንን እሰማለሁ፣ ጭንቅላቴ «አዎ» ብሎ ይጽፈዋል፣ የሰማሁት ትንፋሽ ይሁን ቃል ልብ ብዬ አላውቅም። እናቴ እንዲያ ነው የምትለው፣ ጎረቤቶቼ እንዲያ፣ ሰናይት እንዲያ። ጆሮ ደግሞ ልጁ ሲተነፍስ፣ ወንበር ሲንቋቋ እንዳይረበሽ ተብሎ ትንፋሽን እንዲጥል ነው የተሠራው። ምስኪን፣ የታዘዘውን አደረገ። ልጅቷ ልክ ትመልሳለች፣ እርግጠኛ ነሽ ይላታል፣ አዎ ትለዋለች፣ እሱ አዎታዋን ይጥልና ዝቅ ያደርጋታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ሚስስ ሎሬታ ገና አልገባትም። «ያ ትንፋሽ ነው የስ ማለት?» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

«ይኸው! አንቺም!» ብላ ወንበሯ እስኪነቃነቅ ሣቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፣ ስንት ዓመት አጠገቧ እየሳብኩ ኖሬ ለካ ሴትዮዋ ደረቴን የሚያመኝ መስሏት ዝም ብላኛለች። እኔም ወደ ኋላ ሄጄ ዌርሃውስ ሲቀጥሩኝ ትዝ አለኝ። ሰውየው «ቅዳሜ መሥራት ትችያለሽ?» ሲለኝ በትንፋሽ አዎ አልኩት፣ ውሃ አመጣልኝ። «ኦቨርታይምስ?» ሲለኝ እንደዚያው አዎ አልኩት፣ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። እኔ ደግሞ አሜሪካኖች እንዴት ደጎች ናቸው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

ብሌን ሁለታችንን እያየች ግራ ገብቷታል። ጎንበስ አልኩና «ብሌኔ፣ አንቺ ሁሉንም መልሰሻል። አዎ ስትዪው አልሰማሽም፣ ይኸው ነው» አልኳት።

«ኦል ኦፍ ኢት?»

«ሁሉንም!»

አገጯን ከጃኬቷ አወጣች። «ሶ ሂ ኢዝ ዘ ዋን ካውንቲንግ አፕልስ» አለች፤ ፖም ቆጣሪውስ እሱ ነው ማለቷ ነው። ቀልዷ ደረቅ ነው ለካ፣ ያን ቀን ገና አወቅሁት።

ሚስተር ክሬግ ሲሰማ ሮጠ፣ መራመድ አያውቅም ብያለሁ። ለካምፓኒው ደወለ። ለጊዜው ልጅቷ በድምፅ ፈንታ ስክሪኑን ነክታ አዎ እንድትል አደረጉላት። ቀጥሎ ከካምፓኒው አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። ወላጆች ሲፈቅዱ የሐበሻ ልጆችን ሰብስባ አዎታቸውን ቀዳች። ክፍል ሙሉ ልጅ ተሰልፎ ትንፋሹን ሲስብ እስቲ አስቡት! አማርኛ የማያውቁትም ገብተው ይስባሉ። ነርሷ በር ላይ ደርሳ ራሷን ይዛ ተመለሰች። ኢንጂነሯን ስትሄድ ያዝኳትና «ሴት ልጅን አንተ ማለቱንም አስተዪልኝ፣ አደራ!» አልኳት፤ ማስታወሻ ያዘች።

ስብሰባው እንደገና ተጠራ፣ እነዚያው ሰዎች፣ ያው ጠረጴዛ። ሚስተር ክሬግ ወደ ሰናይት ዞሮ «ምርመራው ይቅርና ብሌን ከክፍሏ ልጆች ጋር ትቀጥል ብንል ትስማሚያለሽ?» አለ። ተረጎምኩላት። ሰናይት ሻርፗን ጨብጣ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ልተረጉም አፌን ስከፍት ሚስተር ክሬግ እጁን አነሣና «ቆይ ዜኒ፣ ይኼን ሰምቼዋለሁ» ሲል ክፍሉ በሣቅ ሞላ። ሚስስ ሎሬታ ከንፈሯን ቆንጥጣ ይዛ ነበር፣ እንባዋ ግን አልተያዘም። ሰናይት እነሱ ምን ነክቷቸው እንደሚስቁ አልገባትም፣ ግን እሷም ሣቀች።

ከፋሲካ በኋላ ጆሮ መስማት ጀመረ። ብሌን በሒሳብ ክፍሏን ደርሳ አለፈች። ንባቧ ገና ያነክሳል፣ ውሸት አልናገርም፣ ግን እያነከሰችም ትሄዳለች፣ አሁን ደግሞ ጮክ ብላ። ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አቅሙ የሚለው ነገር ሊሆን የሚችል ነው፣ አምኛለሁ። ብቻ ከአቅሙ በፊት አዎታውን መስማት ይቀድማል። ሚስስ ሎሬታም በየሳምንቱ አንድ ቀን ገመዱ ተነቅሎ ሰው ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲያዳምጥ ደንብ አስወጣች።

እንግዲህ ማሽኑ አባረረሽ ወይ ለምትሉኝ፣ እንዲያውም እንዴት እንደሸኘኝ ልንገራችሁ። የመጨረሻ ቀኔ ነው። ኬክ ተቆርጧል፣ ልጆቹ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ወርደዋል። ሹራቤን ረስቼ ክፍል ስመለስ ብሌን ብቻዋን ታብሌቱን ከፍታ ተቀምጣለች፤ ገመዱ የሚነቀልበት ቀን ስለነበር ማዳመጫ የለም። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ ዩ ዊል ካም ባክ? ልትጠይቂን?»

ብዙ ነገር ልላት ነበር። ጎበዝ ሁኚ፣ እናትሽን አግዢ፣ ያ ሁሉ የምክር ጎተራ ነበረኝ። ያን ሁሉ ተውኩት። ትንፋሼን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

«ጎበዝ ነሽ!» አለ ጆሮ ከጠረጴዛው ላይ። «እንግዲያው ወደሚቀጥለው እንለፍ።»